ፍርምባና ፍርድ

በ2005 ዓ.ም. ክረምት አክስቴ ከዳላስ ጎረቤት ከጋርላንድ ከተማ ለእረፍት መጣች። ሻንጣዋ ሲከፈት እንደ ወጉ ለእናቴ ጫማ፣ ለአባቴ ቪታሚን፣ ለሕፃናቱ ከረሜላ ወጣ። ለእኔ የወጣው ሦስት መጽሔት ነበር። «ጋዜጠኝነት ይማራል ብለውኛል፤ በል ያውልህ» አለችኝ። ያን ጊዜ የዲፕሎማ ተማሪ ነበርኩ፤ ቁም ነገር ያለው መጽሔት ሽፋኑ ላይ ጺማም ደራሲ ወይም ግንባሩን የቋጠረ ባለሥልጣን ሊኖር ይገባል ብዬ በማምንበት ዕድሜ ላይ። ከሦስቱ የአንደኛው ሽፋን የሚያወራው ግን ስለ ሥጋ ነው። በመላው ግዛት በጭስ የበሰለ ሥጋ ከሚሸጡ ቤቶች ሃምሳ ምርጦች ተለይተው፣ ተተንትነው፣ ተወድሰው ቀርበዋል። ስቄ ወደ ጎን አደረግሁት።

ሁለተኛውን ቅጽ ስገልጥ ሳቄ ቀነሰ። የግዛቱን ምክር ቤት አባላት በስም እየጠራ፣ ፎቶግራፋቸውን እየለጠፈ፣ እነዚህ አሥሩ ምርጦች፣ እነዚያ አሥሩ መናኛዎች ይላል። ሦስተኛው፣ የኖቬምበር 2012 ቅጽ፣ ሚስቱን ገድሏል ተብሎ ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ከእስር ስለወጣ አንድ ንጹሕ ሰው የተጻፈ ረጅም ታሪክ ይዟል። ሌሊቱን ሙሉ አነበብኩት። ልቤ እንደተንጠለጠለ ሳለ «በሚቀጥለው ወር ይፈጸማል» ብሎ ቆመ። የዲሴምበሩን ቅጽ አክስቴን ብጠይቃት «እሱን አልሰጥህም» አለችና ወሬ ለወጠች።

መጽሔቱ «ቴክሳስ መንዝሊ» ይባላል፤ ወርሃዊው ቴክሳስ እንደማለት ነው። ፍርምባው፣ ምክር ቤቱና ወህኒ ቤቱ በአንድ ጥራዝ እንዴት ሊስማሙ ቻሉ? ከዚያ ክረምት ወዲህ እጄ የገባውን ቅጽ ሁሉ ያነበብኩት ይህን ጥያቄ ይዤ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልኝ።)

ስለ ቴክሳስ ራሷ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ጉራዋን እኛም በፊልም ጠግበናል። ስፋቷ ከፈረንሳይ ይበልጣል፤ በ2020 ቆጠራ ሕዝቧ 29 ሚሊዮን ደርሷል፤ ከ1836 እስከ 1845 ራሷን የቻለች ሪፐብሊክ ነበረች፤ በ1901 ስፒንድልቶፕ በተባለው ኮረብታ ላይ ነዳጅ ዘይት ወደ ሰማይ ከተተኮሰ ወዲህ ደግሞ ገንዘብ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚያፈርስ በራሷ ላይ አይታዋለች። መጽሔቱ የተወለደው በፌብሩዋሪ 1973፣ መቀመጫውም በዋና ከተማዋ በኦስቲን ነው። መሥራቹ ማይክል ሌቪ የዳላስ ልጅ፣ የሕግ ምሩቅ፣ ዕድሜው 26 ነበር። ለዋና አዘጋጅነት የቀጠረው ዊልያም ብሮይልስ ደግሞ ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ የ28 ዓመት ወጣት ነው። (ቶም ሀንክስ በሰው አልባ ደሴት ላይ ብቻውን የቀረበትን «ካስት አዌይ» ያየ ሁሉ ብሮይልስን ሳያውቀው ያውቀዋል፤ የፊልሙን ጽሑፍ የጻፈው እሱ ነው።)

ሁለቱ ወጣቶች የገባቸው ነገር ቀላል ይመስላል። ቴክሳስ በሥዕል ላይ ባለ ፈረስና ባለ ከብት ትሁን እንጂ ሕዝቧ ከተሜ ሆኗል። አባቱ እርሻ ላይ ያደገ፣ እሱ ግን ሂዩስተን ውስጥ ክራባት አስሮ ቢሮ የሚውል አንባቢ አለ። ይህ ሰው ስለ ገዛ አገሩ የኒውዮርክ መጽሔት እስኪጽፍለት መጠበቅ ሰልችቶታል። ለዚህ ሰው ቅዳሜ የት እንደሚበላ ንገረው፤ ሰኞ ማን እንደሚሰርቀውም ንገረው። የመጽሔቱ ዕቅድ በአጭሩ ይኸው ነበር ብል ብዙ አልሳሳትም።

የሰኞውን እናስቀድም። የቴክሳስ ምክር ቤት መደበኛ ስብሰባ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት፣ ለ140 ቀናት ብቻ ነው። አባላቱ 181 ናቸው፤ ደመወዛቸው በዓመት 7,200 ዶላር ነው፤ በዚህ ገንዘብ በዚያ አገር የቤት ኪራይ እንኳ አይከፈልም። ስለዚህ ሁሉም ሌላ መተዳደሪያ አለው፤ በዚያ መተዳደሪያው በኩል ደግሞ የሚመጣበት ብዙ ነው። መጽሔቱ ከ1973 ጀምሮ ስብሰባው በተዘጋ ቁጥር አሥሩን ምርጥና አሥሩን መናኛ ይዘረዝራል። ይህን ዓምድ ለብዙ ዓመታት የመራው ፖል ቡርካ በመተላለፊያው ሲያልፍ የአባላቱ ወሬ ዝቅ ይል ነበር ቢባል አይገርመኝም። ከሁሉ የወደድኩት ግን ከምርጡም ከመናኛውም የማይገቡትን የሚመድብበትን ስም ነው፤ «የቤት ዕቃ» ይላቸዋል። ከተቀመጡበት ወንበር የማይለዩ ማለቱ ነው። አንድን ሰው መናኛ ብትለው ይቆጣል፣ ይከራከራል፤ ወንበር ብትለው ግን ምን ብሎ ይመልሳል?

ይህ ዓምድ እንከን የለውም አልልም። መመዘኛዬ የፖለቲካ አቋም ሳይሆን የሥራ ብቃት ነው ይላል። ጥሩ፤ ይሁንና ጎጂ ሕግ በብልሃት ያሳለፈ ሰው በዚህ ሚዛን ምርጥ ሊሆን ነው። ብቃት ለምን ዓላማ ዋለ የሚለውን ጥያቄ ዝርዝሩ ጎን ላይ ይተወዋል። ጎበዝ አናጺ መሆንና የሚሠራው ቤት ለማን መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በጃንዋሪ የሚወጣው ሌላው ዓመታዊ ዓምድ ለእኛ ሰምና ወርቅ ለለመድነው እንግዳ አይደለም። ስሙ «ባም ስቲር» ነው፤ ሰሙ የማይረባ ሰንጋ፣ ወርቁ የተሳሳተ ጥቆማ። በዓመቱ ውስጥ ቴክሳስ ውስጥ የተሠራ ጅልነት ሁሉ፣ የባለሥልጣንም የተራ ሰውም፣ ተለቅሞ ይሸለማል። ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ በፌብሩዋሪ 2006 ደቡብ ቴክሳስ ውስጥ ወፍ ሲያድኑ የገዛ ወዳጃቸውን በጥይት ሲያቆስሉ የት እንደሚሸለሙ ለመገመት ነቢይ መሆን አላስፈለገም። በጃንዋሪ 2007 ሽፋን ላይ ጠመንጃቸውን ይዘው ወጡ።

አሁን ወደ ሥጋው። ስቄበት ስለነበር ዕዳ አለብኝ።

ፍርምባ ለእኛ ለቁርጥ ወዳጆች ከሻኛና ከታላቅ በኋላ የሚታወስ ብልት ነው። በቴክሳስም ጠንካራና ርካሽ በመሆኑ የተናቀ ነበር። በአስራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማዕከላዊ ቴክሳስ ላይ የሰፈሩ የጀርመንና የቼክ ሥጋ ሻጮች ሳይሸጥ የዋለ ሥጋቸው እንዳይበላሽ በእንጨት ጭስ ያበስሉት ጀመር። ፍርምባው ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ በዝግታ ጭስ ውስጥ ሲያድር ይለሰልሳል፤ ከዚያም በሚዛን ተመዝኖ በወረቀት ላይ ይቀርባል። መጽሔቱ ከ1997 ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ ሃምሳ ምርጥ ቤቶችን ይመርጣል። በ2008 አንደኛ ያደረገው ከከተማ ሰው ማንም የማያውቀውን፣ ሌክሲንግተን በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚከፈት «ስኖውስ» የሚባል ቤት ነው። እሳቱን የሚያነዱት ወይዘሮ ቱትሲ ቶማኔትዝ ያን ጊዜ የ73 ዓመት አዛውንት ናቸው። በሳምንቱ ቀናት ትምህርት ቤት ውስጥ በጽዳትና በጥገና ሠራተኛነት ያገለግላሉ፤ ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ፍሙን በአካፋ ያዞራሉ።

ይህን ሳነብ የገባኝ ነገር አለ። የጭስ ሥጋው ጽሑፍ ስለ ምግብ ጣዕም ብቻ አይደለም። አንዲት አሮጊት ሠራተኛ፣ አካፋቸው፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ ሙያውን ማን ለማን እንዳስተማረ፣ ከብቱ ስንት እንደገባ ሁሉ ተጽፏል። በ2013 ዳንኤል ቮን የተባለ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ሥራውን ለቆ የመጽሔቱ የጭስ ሥጋ አዘጋጅ ሆኖ ሲቀጠር ብዙዎች ቀልደውበት ነበር። ቀልዱ ግን የቀልደኞቹን ንቀት ነው ያሳየው። ስለ ባንክ የሚጽፍ ዘጋቢ ይገባል፣ ስለ ሕዝብ ማዕድ የሚጽፍ አይገባም ያለው ማነው?

ደረጃ ማውጣቱ ግን የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል። ትናንት ጎረቤት የሚበላበት ቤት በማግሥቱ አውሮፕላን ተሳፍሮ የመጣ ሰው ከንጋት በፊት የሚሰለፍበት መሳለሚያ ይሆናል። ጎረቤቱ ወዴት ይሂድ? መጽሔቱ የፈጠረውን ሰልፍ ራሱ እያደነቀ ሲጽፍ ሳይ አንዳንዴ በገዛ ድምፁ የተመሰጠ አዝማሪ ይመስለኛል።

በ2021ዱ ዝርዝር ውስጥ ለእኛ የተለየ ትርጉም ያለው ቤት አለ። በዳላስና በፎርት ወርዝ መካከል ባለችው በአርሊንግተን ከተማ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ፋሲካ ሂክስ ከባለቤቷ ከፓትሪክ ሂክስ ጋር የምታስተዳድረው «ስሞክ ኤን አሽ» ከሃምሳዎቹ አንዱ ሆኖ ተመረጠ። በጭስ የበሰለው የቴክሳስ ሥጋ በእንጀራ ላይ፣ ከአዋዜ ጋር ይቀርባል። ጥርስ ለሌለው ወግ አጥባቂ ይህ ድፍረት ነው፤ ለእኔ ግን መጽሔቱ ቴክሳስ ማን ናት ብሎ ለሚጠይቀው ጥያቄ ከሰጣቸው ጥሩ መልሶች አንዱ ነው።

ምክንያቱም በዚህ ጥያቄ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲያነክስ ኖሯል። በ2020 ቆጠራ ከቴክሳስ ሕዝብ 39.7 በመቶው ስፓኒሽ ተናጋሪ ዝርያ የሌለው ነጭ ሲሆን 39.3 በመቶው ሂስፓኒክ ነው፤ እኩል ለእኩል ማለት ይቻላል። ዘፋኟ ሰሊና በማርች 1995 በ23 ዓመቷ ስትገደል መጽሔቱ በሽፋኑ አወጣት፤ ጽሑፉም ጥሩ ነበር። በ2019 ደግሞ ሆዜ ራላት የተባለ የታኮ አዘጋጅ ቀጥሯል። መልካም ነው። ሆኖም በእጄ በገቡት ቅጾች ውስጥ ታኮው ከሚጋግሩት ሰዎች ይልቅ ቀድሞ ቤት የገባ ይመስላል። የምግብ ገጹ በር ሰፊ ነው፤ የፖለቲካው ገጽ በር ግን ጠባብ ነው። አክስቴና ጎረቤቶቿ በሌሊት ፈረቃ አረጋውያንን ያገላብጣሉ፣ ታክሲ ይነዳሉ፣ ቤት ይገዛሉ፣ ይመርጣሉ፤ ከእነሱ ሕይወት ውስጥ ማስታወቂያ የማይፈልገው ክፍል የሚገኘው እንጀራቸው ላይ ብቻ አይደለም።

ስለ አጻጻፉ ጥቂት ልበል። የመጽሔቱ ዝነኛ ተራኪ ስኪፕ ሆላንድስወርዝ ነው። በጃንዋሪ 1998 የጻፈው የካርቴጅ ከተማ ታሪክ በ2011 «በርኒ» የተባለ ፊልም ሆኗል። በከተማው የተወደደ የቀብር አስፈጻሚ ረዳት አንዲት ሀብታም ባልቴት ይገድላል፤ ሬሳዋን ለወራት ይደብቃል፤ ሲያዝም የከተማው ሰው ያለቅስለታል። ለእሱ፣ ለገዳዩ! ሆላንድስወርዝ ይህን በፈገግታ ይተርካል፤ አንባቢም ይስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ። መጽሐፉን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያቺ ሴትዮ ክፉ ከመሆኗ ሌላ ምን እንደነበረች ራሴን ብጠይቅ መልስ አጣሁ። ሟች በሕይወት የለችም፤ የከተማው ሐሜት ግን አለ፤ ጸሐፊው ሐሜቱን አመነ። የአገር ቤት ጨዋታ ፍቅር ሲበዛ እንዲህ ዓይን ይሸፍናል።

ፓሜላ ኮሎፍ ሌላ ዓይነት ናት፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣችኝ እሷ ነበረች። ማይክል ሞርተን ከኦስቲን በስተሰሜን ባለው በዊልያምሰን አውራጃ የሚኖር የሱፐርማርኬት ሥራ አስኪያጅ ነበር። በኦገስት 1986 ልደቱን ከሚስቱና ከሦስት ዓመት ልጁ ጋር ራት በልቶ አከበረ። በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ሥራ ሄደ። ሲመለስ ሚስቱ ክሪስቲን አልጋዋ ላይ ተደብድባ ሞታለች። ማታ ቅር ተሰኝቶ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተወላት፣ በፍቅር ቃል የሚያበቃ አጭር ማስታወሻ ተገኘ፤ ዐቃቤ ሕጉ ኬን አንደርሰን ያንን ማስታወሻ የግድያ ምክንያት አደረገው። በ1987 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ኮሎፍ አትጮህም። ቅጽል አትወድም። አንዱን ቀን በሌላው ቀን ላይ ትደረድራለች፤ አንባቢው ራሱ እስኪጮህ ድረስ። ትንሹ ልጅ ለአያቱ ጭራቅ እናቱን ሲመታ እንዳየና አባቱ ቤት እንዳልነበረ ነግሯቸዋል፤ አያትየው ይህን ለመርማሪው በስልክ አስታውቀዋል፤ ንግግሩ ተጽፎ መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል። ተከላካይ ጠበቆቹ ግን አላዩትም። ጎረቤቶች ስላዩት እንግዳ መኪና የሰጡት ቃልም እንዲሁ። ከቤቱ ጥቂት ራቅ ብሎ የሟች ወንድም ያገኘው ደም ያለበት መሐረብ ነበር፤ የዘር ምርመራ ይደረግበት ተብሎ ሲጠየቅ የአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ለዓመታት ተቃወመ። በ2011 በመጨረሻ ሲመረመር የክሪስቲን ደምና የሌላ ሰው ምልክት ተገኘበት። ያ ሌላ ሰው፣ ሞርተን ወህኒ ቤት ሳለ፣ በጃንዋሪ 1988 ኦስቲን ውስጥ ሌላ ሴት ገድሎ ነበር።

ሞርተን በኦክቶበር 2011 ተፈታ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ልቤን የሰበረው ግን ልጁ ነው። የእናቱ ቤተሰብ አሳደገው፤ ጉርምስና ላይ አባቱን መጠየቅ ተወ፤ አሥራ ስምንት ሲሞላው ስሙን ለወጠ። ሰውየው ተስፋው የተቆረጠው ፍርድ ቤት ሳይሆን ያን ወረቀት የተቀበለ ቀን ነው፤ ኮሎፍም ይህን ስትጽፍ ሁለት አንቀጽ እንኳ አላስረዘመችም።

የመጽሔት ጽሑፍ እስረኛ አስፈታ ማለት አንባቢንም ጋዜጠኛንም ያኮራል፤ ስለዚህ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሞርተንን ያስፈቱት ጠበቆቹና ያ መሐረብ ናቸው፤ ኮሎፍ የደረሰችው ከተፈታ በኋላ ነው። ስድስት ሰው ገድለሃል ተብሎ ሞት የተፈረደበት አንቶኒ ግሬቭስ ሌላ ነው። ስለሱ የጻፈችው በኦክቶበር 2010 ቅጽ ወጣ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ክሱ ተነሥቶ ከ18 ዓመት በኋላ ወጣ። እዚያም ቢሆን በሂዩስተን የጋዜጠኝነት መምህርትና ጠበቃ የሆነችው ኒኮል ካሳሬዝ ከተማሪዎቿ ጋር ለዓመታት ሰነድ ስትቆፍር ኖራለች። መጽሔቱ ያደረገው የተቆፈረውን ለአገር ማሳየት ነው። ይህም ቀላል አይደለም። በ2013 ስብሰባው፣ ማለትም አክስቴ ባመጣችልኝ ቅጽ ምርጥና መናኛ ተብሎ በተመዘነው ስብሰባ፣ ምክር ቤቱ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ለተከሳሽ እንዲከፍት የሚያስገድድ የሞርተንን ስም የያዘ ሕግ አወጣ። አንደርሰን በዚያው ዓመት ከዳኝነት ወንበሩ ወርዶ፣ የጥብቅና ፈቃዱን አስረክቦ፣ የአሥር ቀን እስራት ተፈረደበት። ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ለቀረው እስር፣ አሥር ቀን።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ወራት ይፈጃል፤ ወራት ደግሞ ደመወዝ ይፈጃሉ። ደመወዙን የሚከፍለው ማነው? ፍርምባው ነው። የሆቴሉ፣ የቦት ጫማው፣ የቅዳሜው ሰልፍ ማስታወቂያ ነው። የሳቅሁበት ሽፋን ያላሳቀኝን ጽሑፍ ይቀልብ ነበር። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው፤ ቀላቢው አንድ ቀን ቤቱ ለእኔ ብቻ ይበቃል ሊል ይችላል። በ2017 መጀመሪያ አዲሱ ዋና አዘጋጅ ቲም ታሊያፌሮ መጽሔቱ ከረጃጅም የፖለቲካና የምርመራ ጽሑፎች ይልቅ ወደ አኗኗር፣ ምግብና ጉዞ ሊያደላ ነው የሚል ሐሳብ ለአንድ የጋዜጠኝነት መጽሔት ሲገልጥ አንባቢው ተነሣበት፤ እሱም ፖለቲካን አንተውም ብሎ ማስተባበል ነበረበት። ኮሎፍ በዚያው ዓመት ለቃ ወደ ሌላ ቤት ሄደች። በ2019 መጽሔቱን የሂዩስተኗ የነዳጅ ቧንቧ ኩባንያ ወራሽ ራንዳ ደንካን ዊልያምስ ገዛችው። ገንዘብ ያለው ባለቤት ለጸሐፊ ጊዜ ይገዛለታል፤ ከዚህ ቀደም ስለ ኤንሮን ውድቀት በብርቱ የጻፈ መጽሔት ስለ ቧንቧ ሲጽፍ ብዕሩ ያው ይሁን አይሁን ግን እያንዳንዱ አንባቢ በየወሩ የሚያጣራው ነው። እኔም እያጣራሁ ነው።

የዲሴምበሩን ቅጽ ነገር ልጨርስ። ሁለተኛውን ክፍል ያነበብኩት ኢንተርኔት ቤት ሆኜ፣ በደቂቃ እየከፈልኩ ነው። አክስቴ ለምን እንደከለከለችኝ የነገረችኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ዜግነት ካገኘች ወዲህ ፍርድ ቤቱ ለጁሪ፣ ከሕዝብ ለሚመረጡት ፈራጆች፣ ትጠራለች፤ በ2013 መጀመሪያ መጥሪያ ደርሷት ነበር። «እኔ በሰው ላይ ልፈርድ? እንግሊዝኛው እንኳ ሲከብደኝ?» ብላ ፈራች። ከዚያ መጽሔቱን በመዝገበ ቃላት እየፈታች ሁለት ሳምንት አነበበችው፤ በቀጠሮውም ቀን በቦርሳዋ ይዛው ሄደች። ስድሳ ያህል ሰው ሆነው ተቀምጠው ጠበቆቹ ጥያቄ ሲጠይቁ፣ ጥያቄ ያለው አለ ወይ ሲባል እጇን አወጣች።

«ምን አልሽ?» አልኳት።

«ያላችሁን ወረቀት ሁሉ ለልጁ ጠበቃ አሳይታችኋል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ዳኛው ፈገግ አሉ፤ ዐቃቤ ሕጉ ግን አላለም። ከምሳ በፊት ወደ ቤትሽ ሂጂ አሉኝ። መኪና ማቆሚያ ከፍዬ ወጣሁ። መጽሔቱን ወንበሩ ላይ ረስቼው ኖሮ ደግሞ ተመልሼ ወሰድኩት።»